«ኤምኦቲው 11 ወር አለው» የተባለ ፕሪየስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። የ2013 ቶዮታ ፕሪየስ በ5,200 ፓውንድ ልገዛ ነው። ሻጩ «ኤምኦቲው (ዓመታዊው የመኪና ምርመራ) 11 ወር አለው፣ ምንም ችግር የለበትም» ይለኛል። ታርጋውን ኦንላይን ሳስገባ ግን ያሰብኩት አልሆነም። ከኤፕሪል 2019 እስከ ኦክቶበር 2020 አልተመረመረም። በ2022 በቀኝ የፊት ጎማ ወድቆ በዚያው ቀን አልፏል። ማይሉ በኦክቶበር 2021 61,000፣ በ2022 88,400፣ በ2023 117,900፣ በ2024 121,300 ነው። የቀኝ ፊት ሎወር አርም (ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የታችኛው ክንድ) ጎሚኒ ተበልቷል የሚል ማሳሰቢያ በ2022ም በ2023ም ተጽፏል፤ በ2024 የለም። ልግዛው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ በ2020 ያለው ክፍተት አያስፈራዎ። በኮቪድ ምክንያት ከማርች 30 እስከ ጁላይ 31 ቀን 2020 ድረስ ጊዜው የሚያልቅ ኤምኦቲ ሁሉ ስድስት ወር ተራዝሞ ነበር። ኤፕሪል የነበረው ወደ ኦክቶበር የተገፋው በዚህ ነው። ሌላ ዓመት ላይ ቢሆን ኖሮ መኪናው ተጋጭቶ ቆሞ ነበር ወይ ብዬ እጠይቅ ነበር።

ዋናው ማይሉ ነው። እስከ 2021 የቤተሰብ መኪና አነዳድ ነው። ከዚያ በአንድ ዓመት 27,400፣ በቀጣዩ 29,500 ማይል ሄዷል። ይህ የታክሲ ወይም የዴሊቨሪ ሥራ እንጂ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው አነዳድ አይደለም። ሥራ መሥራቱ በራሱ ነውር የለውም፤ ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት የታክሲ ፕሪየስ ደጅ ከቆመ መኪና ሊሻል ይችላል። የሚያጠራጥረው የመጨረሻው 3,400 ነው። በያዘው ፍጥነት ቢቀጥል 2024 ላይ 147,000 አካባቢ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ወይ ባለቤት ቀይሯል፣ ወይ ቆሞ ነበር፣ ወይ ቆጣሪው ተነክቷል።

ይህን ለመለየት ገንዘብ አያስፈልግም። የዲቪኤልኤ (የመንግሥት የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) የመኪና መረጃ ገጽ ላይ ታርጋውን ሲያስገቡ የመጨረሻው ቪ5ሲ (ሎግቡክ፣ የመኪናው የምዝገባ ደብተር) የወጣበት ቀን ይታያል። ቀኑ 2023 መጨረሻ አካባቢ ከሆነ መኪናው እጅ ቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ የማይሉ መቀነስም ምክንያት አገኘ። አድራሻ ወይም ታርጋ ሲቀየርም አዲስ ቪ5ሲ ስለሚወጣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሻጩን መቼ ከማን እንደገዛው ይጠይቁና ከቀኑ ጋር ያስተያዩ። ቪ5ሲው የወጣው በ2021 ከሆነና ሻጩ እስከ ዛሬ ያው ሰው ከሆነ፣ በዓመት ሠላሳ ሺህ ይነዳ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ለምን እንዳቆመ ወረቀት ያሳይዎ። የሰርቪስ ደረሰኝ ላይ ቀንና ማይል አብረው ይጻፋሉ፤ ከ2024ቱ ምርመራ በፊት የወጣ ደረሰኝ ላይ ከ121,300 የሚበልጥ ቁጥር ካገኙ ነገሩ አለቀ፣ ሰላም ብለው ይሂዱ።

አሁን ወደ ጎሚኒው። በኤምኦቲ ታሪክ ውስጥ ከወደቀበት ይልቅ እኔ የማየው የሚመላለሰውንና ድንገት የሚጠፋውን መስመር ነው። ከሜይ 20 ቀን 2018 ወዲህ ጉድለት ዴንጀረስ፣ ሜጀር፣ ማይነር ተብሎ ይለያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይጥላሉ፣ ማይነር አይጥልም፤ አድቫይዘሪ ደግሞ ገና ጉድለት ያልሆነ ማሳሰቢያ ነው። አድቫይዘሪ ሲጠፋ ወይ ተሠርቷል፣ ወይ ሌላ መርማሪ በዝምታ አልፎታል። የተበላ ጎሚኒ በራሱ አይድንም።

የእርስዎን መኪና ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ያንብቧቸው፤ የወደቀው ጎማና የተበላው ጎሚኒ በአንድ ጎን ናቸው። ጎሚኒው ሲላላ ጎማው ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ አንድ ጠርዙን ይበላል። ባለቤቱ ያኔ ጎማውን ቀይሮ ምክንያቱን ትቶታል፤ በዚያው ቀን ማለፉም ይህንኑ ይናገራል። አሁን ይህን ያድርጉ። መሪውን እስከ መጨረሻው ያዙሩና እጅዎን በቀኝ ፊት ጎማው ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሳቡት። የውስጥ ጠርዙ ከውጩ ይልቅ ለስልሶ ካገኙት ጎሚኒው አልተሠራም ብለው ይጠርጥሩ። ጎማው አዲስ ከሆነ አይሞኙ፤ ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፣ 3724 ማለት በ2024 37ኛው ሳምንት ነው። ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቀስ ብለው ወደፊት ሄደው ፍሬን ይያዙ፣ ወደኋላም እንዲሁ። ከቀኝ ፊት አንድ ጊዜ «ኳ» ካለ ዋጋው ላይ የሚነጋገሩበት ነገር አገኙ። ተሠርቷል ካለ ደረሰኙን ያምጣ።

የእያንዳንዱን ምርመራ ቦታ ለማየት በቪ5ሲው ላይ ያለውን ባለ 11 አኃዝ የሰነድ ቁጥር እዚያው የኤምኦቲ ታሪክ ገጽ ላይ ያስገባሉ። የ2022ና የ2023ቱ አንድ ጋራዥ፣ የ2024ቱ ግን ሌላ ሩቅ ቦታ ከሆነ ማሳሰቢያው ለምን እንደጠፋ መገመት አያዳግትም። ሻጩ ቁጥሩን ለማሳየት ካቅማማ እሱም መልስ ነው።

በነገራችን ላይ ቪ5ሲ እንደ አገር ቤቱ ሊብሬ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም፤ መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ ብቻ ያሳያል። ሻጩ ስሙ እዚያ ላይ እያለ መኪናው የፋይናንስ ኩባንያ ንብረት ሊሆን ይችላል። ይህንንና የኢንሹራንስ ታሪኩን ኤምኦቲ አይነግርም፤ ጥቂት ፓውንድ ከፍለው ከግል ድርጅት የመኪናውን ታሪክ ማጣሪያ ያስወጡ። ካታጎሪ ኤስ (ኢንሹራንስ ለተዋቸው የተጎዱ መኪናዎች የሚሰጥ ምድብ) ካለ የመኪናው አጽም ተመትቶ ነበር ማለት ነው፣ ካታጎሪ ኤን ከሆነ ጉዳቱ አጽሙን አልነካም። የሻንሲ ቁጥሩን ከመስታወቱ ሥርና ከቪ5ሲው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

ሌላው ኤምኦቲ የማያየው ሞተሩን ነው። የሞተር፣ የካምቢዮና የሃይብሪድ ባትሪ ጤንነት በምርመራው ውስጥ የለም፤ ሃይብሪድ መኪና የጭስ መለኪያ ፈተናም አይደረግለትም። የዚህ ዘመን ፕሪየስ ደግሞ የታወቀ በሽታ አለው፤ ኢጂአሩ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል) በጥቀርሻ ይደፈንና ውሎ አድሮ የቴስታታው ጋስኬት ይሄዳል። ሻጩ እርስዎ ሳይደርሱ እንዳያስነሳው አስቀድመው ይንገሩት፣ ሲደርሱም ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ከጠበቀዎ ሌላ ቀን ይመለሱ። ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንዶች ከተንቀጠቀጠና ካንኳኳ፣ ወይም የራዲያተር ውሃው ማጠራቀሚያ ከዝቅተኛው መስመር በታች ከሆነ፣ በዚህ ዋጋ አይግዙት። ባትሪውን ለማየት ግማሽ ሰዓት ይንዱት፤ የቻርጁ ምልክት በደቂቃዎች ውስጥ ሞልቶ ወዲያው የሚወርድ ከሆነ ሴሎቹ ደክመዋል። ከኋላ ወንበር ጎን ያለውን የባትሪ አየር ማስገቢያም ይዩት፣ ተሳፋሪ ሲያመላልስ የኖረ መኪና ላይ በአቧራ ተዘግቶ ማግኘት የተለመደ ነው።

የማይሉ ምክንያት በወረቀት ከተረጋገጠ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ጸጥ ካለና የቀረው ጎሚኒው ብቻ ከሆነ፣ የጥገናውን ዋጋ ከጋራዥ ጠይቀው ከ5,200ው ላይ ያስቀንሱና ይግዙት። የመንገድ ታክሱ ግን ከመኪናው ጋር አይተላለፍም፤ ከሻጩ በር ሳይወጡ በስልክዎ በራስዎ ስም ይክፈሉ፤ ለዚህ ከቪ5ሲው ተቆርጦ የሚሰጥዎትን የአዲስ ያዥ ቁራጭ ይዘው ይቆዩ።