አልጽፍ ያለ ቁልፍ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ከመኪና መንገድ ዳር ባለች ቤት የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት እሰጣለሁ። የኪቦርዴ «ኤል» ቁልፍ አንዳንዴ አይጽፍም፣ አንዳንዴም ይደጋግማል፤ በዚህ የተነሳ ከ«ለ» እስከ «ሎ» ያሉት ፊደላት ሁሉ አስቸግረውኛል። ኪቦርዱን ልቀይረው?

መልስ፦ ለመግዛት አይቸኩሉ። በመጀመሪያ ኪቦርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ይሞክሩት፤ እዚያም ካስቸገረ ጥፋቱ የራሱ የኪቦርዱ ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ እየሠራ የሚያቆም ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ የገባ አቧራ ወይም የፈሰሰ ሻይ ስለሆነ፣ በተለይ እንደ እርስዎ ባለ መንገድ ዳር ቤት፣ ጽዳቱ መቅደም አለበት። ኪቦርዱን ነቅለው ከደፉትና ቀስ ብለው ካራገፉት በኋላ የቁልፉን ክዳን በጥንቃቄ አንስተው፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ በረጠበ ጥጥ ሥሩን ይጥረጉ፤ ፈጽሞ ሳይደርቅም መልሰው አይሰኩት። የላፕቶፕ ቁልፎች ክዳን መያዣዎች በቀላሉ ስለሚሰበሩ ያን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ቁልፎች በጋራ የኤሌክትሪክ መስመሮች ስለሚገናኙ፣ ብዙ ቁልፎች በአንድ ጊዜ ሥራ ካቆሙ ግን መስመሩ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መቀየሩ ያዋጣል። እስከዚያው የደንበኞችዎ ሥራ እንዳይቆም የዊንዶውስን የስክሪን ኪቦርድ ከፍተው የጎደለውን ፊደል በማውስ ይጻፉ።