ቢጫ ቅርፊት ያወጣው ፖታሲየም

አንድ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ጥያቄ ልከውልኛል። የትምህርት ቤቱን ስቶር ሲያጸዱ «ፖታሲየም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ያረጀ ጠርሙስ አገኙ። ከአየር እንዲከልለው የተነከረበት ላምባ ተኖ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። በመስታወቱ ሲያዩት ቁርጥራጮቹ ቢጫ ቅርፊት ለብሰዋል። «ቅርፊቱን በቢላ ፍቄ ለተማሪዎቼ ባሳይበትስ?» ይላሉ።

መምህር፣ እባክዎ አይንኩት። ክዳኑንም አይክፈቱ።

እንዲህ ያሰቡት ሶዲየም ለምደው ይመስለኛል። ሶዲየም ሲያረጅ ነጭ ቅርፊት ነው የሚያወጣው። ጤነኛው በቢላ ሲቆረጥ እንደ ቅቤ እሺ ይላል። የተቆረጠው ገጽ እንደ ብር ያበራና ዓይንዎ እያየ ይደበዝዛል። ፖታሲየምም እንዲሁ ለስላሳ ነው፤ አየር ሲያገኘው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ሱፐርኦክሳይድ ይፈጥራል። ያዩት ቢጫ፣ አንዳንዴም ብርቱካንማ የሚሆነው ቅርፊት እሱ ነው። ብዙ ኦክስጅን አምቆ ይዟል። ከሥሩ ያልተበላው ሜታል አለ፣ ላዩ ላይ የላምባ ቅሪት አለ። ቢላ ሲጫነው ሦስቱ ይገናኛሉ፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ሳትነካው ሊፈነዳ ይችላል። አሁን ላምባ ልጨምርበት ማለትም አያዋጣም።

ጠርሙሱ ካለበት አይነሳ። ስቶሩን ይቆልፉ፣ በሩ ላይ ምን እንዳለ በትልቁ ይጻፉ። ለርዕሰ መምህሩ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያሳውቁ። ከዚያ በቅርብ ያለ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍልን ያማክሩ። ለእሳት አደጋ ሠራተኞችም ቀድመው ይንገሩ፤ «ፖታሲየም ነው፣ ውሃ እንዳይነካው» ብለው። ውሃ ሲያገኝ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ በራሱ ሙቀትም ወዲያው በሐምራዊ ነበልባል ይያያዛል። የሚተርፈው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይሠራም። ለትንሽ እሳት በደንብ የደረቀ አሸዋ ወይም ደረቅ ጨው ነው የሚጫንበት። እሳቱ ከፍ ካለ ሰዉን ሁሉ ይዘው ይውጡ።

ይህን ያህል የምወተውተው ስላየሁ ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ላብራቶሪ ሶዲየም ቆርጠን፣ ላምባውን ያደረቅንበትን ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ጣልነው። ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ፍርፋሪ ተጣብቆበት ኖሯል። የጽዳት ሠራተኛዋ እርጥብ መወልወያዋን እዚያው ጨመቀችበት። ቅርጫቱ ተያያዘ፣ እጇ ተቃጠለ። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእሷ አልነበረም። ምን እንደጣልን የነገራት ሰው የለም። ዛሬም እርጥብ ወለል ሳይ እሷ ትዝ ትለኛለች።

ለክፍል ማሳያ ሶዲየም ይበቃዎታል። የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ በሰፊ ገንዳ ውሃ ላይ፣ በወረንጦ ይዘው። መነጽር ለእርስዎም ለተማሪዎቹም፣ መሐል ላይ ደግሞ መከለያ። ከዚያ የምትበልጥ ቁራጭ እኔ አልነካም። የፖታሲየሙን በቪዲዮ ያሳዩዋቸው፤ ምንም አይቀርባቸውም።

ወደፊት ሶዲየም ሲታዘዝ ትንሹን ጠርሙስ ይምረጡ። የተከፈተበትን ቀን ይጻፉበት። ከተገኘ የፓራፊን ዘይት ከላምባ ይሻላል፣ ቶሎ አይተንም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ሳይከፍቱ በመስታወቱ ይዩት። ሶዲየሙ ከዘይቱ በላይ ብቅ ካለ፣ ገና ነጭ ሳይለብስ ይሙሉለት።