«ማን ካህን መሆን ይፈልጋል?» ብላችሁ አትጀምሩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ካቶሊክ ወጣቶችን ስለ ቅድስናና ስለ ጥሪ እንዴት እናስተምር? አራቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ወደ 15 የሚጠጉ ልጆች አሉኝ። «ሁላችሁም ለቅድስና ተጠርታችኋል» ስላቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ቅዱስ ማለት ሥዕል ላይ ያለ ሰው ብቻ ይመስላቸዋል። ጥሪ የሚለውን ሳነሳማ እየተያዩ ይሳሳቃሉ። ከየት ልጀምር?
ካቴኪስት፣ ኮምቦልቻ

መልስ፦ መሳሳቃቸው አይክፋዎት። ጥሪ ሲባል «ከእናንተ ውስጥ ማን አባ፣ ማን ሲስተር ይሆናል?» ተብለው የተጠየቁ ስለሚመስላቸው ነው። ብዙ ቦታ ትምህርቱ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ከመጨረሻው ይጀመራል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ምዕራፍ 5ን በሙሉ የተጠመቀ ሁሉ ለቅድስና መጠራቱን ለማስተማር ሰጥቶታል። ስለ ገዳማውያን የሚናገረው ከዚያ ቀጥሎ በምዕራፍ 6 ነው። ይህን ቅደም ተከተል ይከተሉ። ክህነት፣ ምንኵስናና ትዳር መንገዶች ናቸው፤ መድረሻውን ያላወቀ ልጅ ደግሞ መንገድ ምረጥ ቢባል ግራ ይገባዋል።

ስምንት እሑድ ይመድቡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለጥምቀት ይስጡ። ልጆቹ ለሳምንቱ ሦስት ነገር ቤታቸው ጠይቀው ይምጡ፦ የተጠመቁበትን ቀን፣ የክርስትና ስማቸውን፣ የክርስትና አባታቸውን ወይም እናታቸውን ስም። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከአያት ጋር የሚያድግ፣ ወላጆቹን ያጣ፣ ወይም ቤተሰቡ ተፈናቅሎ ወረቀት የጠፋበት ልጅ ባዶ እጁን መጥቶ ያፍራል፤ በሚቀጥለው እሑድም ይቀራል። ስለዚህ ቆሞሱን (የቁምስናውን ኃላፊ ካህን) አስፈቅደው የጥምቀት መዝገቡን ቀድመው ይመልከቱ፤ ያላገኘ ልጅ ቢኖር ቀኑን ለብቻው ይንገሩት። መዝገቡ ላይም የሌለ ካለ፣ ወላጆቹ የሚያስታውሱት በዓል ወይም ወር ይበቃል።

በሁለተኛው እሑድ ማዕተብ፣ ሻማና ነጭ ልብስ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩ። እያንዳንዱ በጥምቀት ጊዜ ለምን እንደሚሰጥ፣ ሜሮን ሲቀቡ ምን እንደተቀበሉ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ፤ የጎደለውን እርስዎ ይሙሉ። ከዚያ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥3ን ያንብቡ። መቀደሳችን የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን ጳውሎስ የጻፈው በአንድ የንግድ ከተማ ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ ለመነኮሳት አይደለም። ኮምቦልቻ ለሚያድግ ልጅ ይህ ብዙ ይነግረዋል፤ አባቱ ፋብሪካ ሲገባ፣ እናቱ ገበያ ስትቀመጥ ሊቀደሱ ይችላሉ ማለት ነውና።

ሦስተኛውና አራተኛው እሑድ የሰፈር ቅድስና ነው። «በዚህ ሳምንት ትዕግሥት ያያችሁበትን አንድ ሰው ጥቀሱ» ይበሏቸው። አልጋ ላይ የቀረች እናቱን የሚያስታምም፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ ሚዛን የማትሰርቅ ነጋዴ ይመጣሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ሲያልፍ ሃይማኖት ሳይጠይቅ ሰው ያስጠለለውን የሚያነሱም አይጠፉም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ያ ጊዜ ለአንዳንዱ ልጅ ገና ቁስል ነው፤ ራሱ ካላነሳው ጠይቀው አያናግሩት። የራሳቸውን ኃጢአት በጉባኤ እንዲናገሩም ፈጽሞ አይጠይቁ። ያ የምሥጢረ ንስሐ ቦታ ነው፤ ክፍል ውስጥ ከተደረገ ወይ ይዋሻሉ ወይ ይሰበራሉ።

ቅዱሳንን በአምስተኛውና በስድስተኛው ያስገቡ። ከተአምርና ከሰማዕትነት ብቻ ከጀመሩ «እኔማ አልችልም» ብለው ይዘጉታል። ብፁዕ ገብረ ሚካኤልን እንውሰድ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1791 ነው። መነኩሴና ሊቅ ሆነው እውነትን ሲፈልጉ ኖረው ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት በ1844 ነው። ክህነት የተቀበሉት ደግሞ በ1851፣ በስልሳ ዓመታቸው ገደማ ነው። በ1855 በእስር ላይ፣ በሰንሰለት እንዳሉ ዐረፉ፤ ብፅዕናቸው (ቅዱስ ከመባል በፊት ያለው ደረጃ) የታወጀው በ1926 ነው። መምህራን አብዝተው የሚተርኩት ሰንሰለቱን ነው። ለልጆች ግን ከሰንሰለቱ በፊት ያሉት ዓመታት ይበልጥ ያስተምራሉ፦ ጥሪ ሳይቸኩል እንደሚበስል፣ መጠየቅም የእምነት ጉድለት እንዳልሆነ ያያሉ። ከእርሳቸው ጋር ቅዱስ ካርሎ አኩቲስን ያቅርቡ። እ.ኤ.አ. በ2006 በደም ካንሰር ያረፈው ገና 15 ዓመቱ ነበር፤ ቅድስናው የታወጀው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ነው። የእጁን ስልክ የማይለቅ ልጅ፣ ኮምፒውተር የሚወድና በየዕለቱ የሚያስቀድስ ጎረምሳ ቅዱስ ተባለ ሲሉት ቀና ይላል።

ሰባተኛው እሑድ ላይ ብቻ ስለ አራቱ የሕይወት ዓይነቶች ይናገሩ፦ ትዳር፣ ክህነት፣ የገዳም ወይም የማኅበር ሕይወት፣ እንዲሁም ለጌታ ተሰጥቶ በዓለም መኖር። እዚህ የሚፈጸመው ስሕተት ካህንና ሲስተር ጋብዞ ባለትዳሮችን መርሳት ነው። አንድ ባልና ሚስት አብረው ይጋበዙ። የሊዝዩዋ ቅድስት ተሬዛ ወላጆች፣ ሉዊና ዜሊ ማርቲን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ ቀን ቅዱሳን መባላቸውን ይጥቀሱ፤ ለባልና ለሚስት በጋራ እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። ስምንተኛው የጸሎት ነው፤ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 ይነበብ። ሳሙኤል ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የጌታን ድምፅ አላወቀም፤ ዔሊ ነው የነገረው። ልጆቹ አማካሪ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ ይረዳሉ።

ስለ ሰዓቱ፦ አንድ ሰዓት ይበቃል። የእርስዎ ንግግር ከ15 ደቂቃ አይለፍ፤ ካለፈ ልጆቹ ጆሮ አይሰጡትም። 20 ደቂቃ በአራት በአራት ሆነው ይወያዩ። 10 ደቂቃ ለማንም በማይታይ ደብተር ላይ ይጻፉ። ቀሪው ለንባብና ለጸሎት ነው። ዝምታውን በ2 ደቂቃ ጀምረው በስምንተኛው ሳምንት 5 ያድርሱት። በመጀመሪያው ቀን 10 ደቂቃ ዝም በሉ ቢባሉ ሳቁ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ዝምታን ማስለመድ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ካህን መሆን እፈልጋለሁ ይላል። እኔ ደስ ብሎኛል፤ አባቱ ግን ያለን ወንድ ልጅ እርሱ ብቻ ነው፣ ማን ይጦረናል ይላል። ጎረቤቶቼ ከወዲሁ «አባ» እያሉ ይጠሩታል። ምን ላድርግ?
እናት፣ ደሴ

መልስ፦ በመጀመሪያ «አባ» የሚለውን ያስቁሙ። ቡና ላይ በፍቅር የተባለ ቢሆንም ልጁን ያስረዋል። ዛሬ የተመኘውን በ18 ዓመቱ ቢተው ጎረቤቱ ሁሉ የከዳ ያህል ይሰማዋል፤ አንዳንዱም እፍረቱን ፈርቶ ብቻ ይገፋበታል። ነገሩ በእናንተ፣ በልጁና በቆሞሱ መካከል ይቆይ።

ለአባቱ ጊዜውን ይንገሩት። እኛ በምንከተለው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ክህነት ከ24 ዓመት በፊት፣ ዲቁናም ከ23 በፊት አይሰጥም። የፍልስፍናና የነገረ መለኮት ትምህርቱ ብቻ ቢያንስ ስድስት ዓመት ይወስዳል። ልጅዎ ብዙ የማሰቢያ ዓመታት አሉት። ዘርአ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) መግባትም ካህን መሆን አይደለም፤ የመመርመሪያ ቤት ነው። ከዚያ ወጥቶ ጥሩ ባልና አባት የሆነ ሰው አልወደቀም። የአባቱን ጭንቀት ደግሞ እንደ እምነት ማነስ አይቁጠሩት፤ ወላጅን መጦር የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው። ከቆሞሱ ጋር ተቀምጦ ይጠይቅ፤ ጥያቄውም በሙሉ ይሰማ።

አሁን ልጁ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ትምህርቱን በደንብ ይማር፤ ውጤቱ ከወደቀ መንፈሳዊ ምኞቱ የፈተና ሽሽት እንዳይሆን ማየት ይገባል። እሑድ ያስቀድስ፤ ቢችል ከሳምንቱ አንድ ቀን ይጨምር። በወር አንድ ጊዜ ንስሐ ይግባ። ቤት ውስጥ ውኃ ይቅዳ፣ እህቱን ያግዝ፤ ለቅዳሴ እየሮጠ ለእናቱ እንጨት የማይፈልጥ ልጅ ገና አልጀመረም። የሚያማክረው ካህን ሲያነጋግረው በር ክፍት በሆነበት፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን፤ «ለእናትህ አትንገር» የሚባል ምክር ከመጣ ወዲያውኑ ይቁም። ጊዜው ሲደርስ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱንና የቆሞሱን የድጋፍ ደብዳቤ ማዘጋጀት አይከብድም።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። አንዳንድ ቀን ሲስተር መሆን በጣም ያምረኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አላስበውም። እግዚአብሔር እየጠራኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?
ተማሪ፣ ወሎ

መልስ፦ እህታችን፣ መለዋወጡ አያስፈራሽ። ስሜት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ልትከታተዪ የሚገባሽ ስሜቱ ሲሄድ የሚቀረውን ነው። ለስድስት ወር ያህል ይህን ሞክሪ። በቀን 15 ደቂቃ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ የዕለቱን ወንጌል አንብበሽ ጸልዪ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሦስት ነገር ጻፊ፦ ዛሬ የት ላይ አመሰገንኩ? የት ላይ ከፍቅር ራቅሁ? ስለ ጥሪ ሳስብ ሰላም ነበረኝ ወይስ ጭንቀት? አንድ መስመር ለእያንዳንዱ ይበቃል፤ ብዙ የሚጽፍ ቶሎ ያቆማል። ከስድስት ወር በኋላ ደብተሩን ከምታምኛት አንዲት ሲስተር ወይም ከንስሐ አባትሽ ጋር ሆነሽ አንብቢው። አንድ ቀን የጻፍሽው ምንም ላይነግርሽ ይችላል፤ እየተመላለሰ የመጣው ግን ይናገራል።

ምኞትሽን ከምን ጋር እንደተያያዘ መርምሪ። ከቤት ችግር ለመውጣት፣ ሳትፈልጊ እንዳትዳሪ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ስለተጣላሽ፣ ወይም የ12ኛ ክፍልን ፈተና ፈርተሽ ከሆነ፣ ያ ችግር መፍትሔ ይፈልጋል፤ መፍትሔው ግን ገዳም አይደለም። ያለፈቃድሽ ሊድሩሽ ከሆነ ዛሬውኑ ለቆሞሱና ለምታምኛት መምህርት ንገሪ፤ በአገራችን ሕግ ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች የተከለከለ ነው። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ የሚሰጠው አንድ ምክር ደግሞ በዕድሜሽ ላሉ በጣም ይጠቅማል፦ ልብ ሲጨልምና ጸሎት ሲደርቅ፣ ሲበራ የወሰንሽውን አትለውጪ። ለብቻሽ ስእለት አትሳዪ፤ ለማንም ሳይነገር የተገባ ቃል በኋላ ኅሊናን ያስጨንቃል።

ከ17 ዓመት በፊት የተመክሮ ጊዜ (ከመሐላ በፊት በማኅበሩ ውስጥ የሚኖሩበትን የመፈተኛ ጊዜ) መጀመር በቤተ ክርስቲያን ሕግ አይፈቀድም። በላቲን (በምዕራባዊቷ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) ሕግ በሚተዳደሩ ማኅበራት ተመክሮው ቢያንስ 12 ወር ነው፤ ቀጥሎ ጊዜያዊ መሐላ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይቆያል፤ የዘላለም መሐላ ከ21 ዓመት በፊት የለም። እስከዚያ ትምህርትሽን ተማሪ። ዕረፍት ላይ ቤተሰብሽ ፈቅዶ ሁለት የተለያዩ ማኅበራትን ብትጎበኚ ጥሩ ነው፤ አንድ ብቻ ያየች ልጅ የምትወደው ጥሪውን ይሁን አንዲቱን ሲስተር ለመለየት ይቸግራታል።

ጥያቄ፦ ከወጣቶቻችን ጋር ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ጓደኞቻቸውም አንዳንዴ ትምህርቱ ላይ ይመጣሉ። እንቀበላቸው?
የወጣቶች አስተባባሪ፣ ደሴ

መልስ፦ በደስታ፤ ወሎ ውስጥ አብሮ መብላትና አብሮ ማዘን የልጆቹ ኑሮ ነው። ነገር ግን ወላጆቻቸው ይወቁ። ጸሎት ላይ በዝምታ መቀመጥ ይችላሉ፤ ቃሉን እንዲደግሙ ወይም እንዲያማትቡ አይጠየቁ። «ቅዱስ ሰው» ስለሚሉት ሰው ከተጠየቁ የራሳቸውን ይናገሩ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስን አቡነ ኢየሱስ ሞአን የሚጠቅስ ኦርቶዶክስ ልጅ ለካቶሊክ ጓደኞቹም ስለ ምንኵስና ያስተምራቸዋል። የግል የጥሪ ምክር ግን ለካቶሊክ ልጆች፣ ያውም ቤተሰብ እያወቀ፣ ለብቻው በሌላ ቀን ይደረግ።