በትንሽ ገንዘብ የካርድ ስብስብ መገንባት፦ ጠይቁኝ ልመልስ

ማጂክም ሆነ ፖኬሞን ወይ ዩጊዮ የሚባለው የጨዋታ ካርድ ኪስ ሳይጎዳ እንዴት ይሰበሰባል ለምትሉ ሁሉ ጥያቄያችሁን አምጡ፣ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ገና ጀማሪ ነኝ፣ ቡስተር ፓክ እየገዛሁ ብከፍት አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም ወንድሜ። ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቅ የምትገዛውን የታሸገ ፓክ መክፈት ደስ ይላል፣ ግን የከፈልከው ለደስታው ነው እንጂ ለስብስቡ አይደለም ብለህ ቁጠረው። ምን መሰለህ፣ በማጂክ አንድ ዓይነት ካርድ ዴክህ (የምትጫወትበት የካርድ ጥቅል) ውስጥ እስከ 4 ማስገባት ትችላለህ፣ ያቺን አንዲት ሬር (ብርቅ) ካርድ 4 ጊዜ ከፓክ እስክታገኛት የምታወጣው ገንዘብ ነጥለህ ብትገዛት ከምትከፍለው ብዙ እጥፍ ነው፣ ቀሪው ደሞ የማትፈልገው ኮመን (በብዛት የሚገኝ ካርድ) ሆኖ ካርቶን ሙሉ ይቀመጣል። መጀመሪያ የምትፈልገውን ዴክ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ያለህን ሰርዝ፣ የጎደለህን ብቻ ሲንግል (በነጠላ) ግዛ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቺን ብቻ ያዝልኝ።

ጥያቄ፦ ከሦስቱ የትኛው ይረክሳል?

መልስ፦ እንደ አጨዋወትሽ ነው እህቴ። ፖኬሞን ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ጠንካራ ካርድ በተራ ሥዕልም ባሸበረቀ ሥዕልም ይታተማል፣ ሰብሳቢው የሚሻማው ባሸበረቀው ላይ ስለሆነ ተራው ርካሽ ሆኖ ይቀራል፣ ጨዋታ ላይ ግን ሥራቸው አንድ ነው። ዩጊዮ ላይ የቆየ ዘዴ አለ፣ የአንድ ካርድ ጣሪያ 3 ስለሆነ ያው አንድ ዓይነት ስትራክቸር ዴክ (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዴክ) 3 ትገዥና ከሦስቱ መርጠሽ አንድ ጥሩ ባለ 40 ካርድ ዴክ ትሠሪያለሽ። ማጂክ ውድ ነው ይባላል፣ እውነትም አለው፣ ግን ፖፐር የሚባለውን አጨዋወት እዪው፣ ኮመን ሆኖ የታተመ ካርድ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ በ2019 በይፋ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ኮመን ነው ብሎ የሚንቀው ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ዙር ቢጫወት ምን ያህል ጭንቅላት እንደሚፈልግ ያያል። ኮማንደር የሚባለው የማጂክ አጨዋወት ደሞ 100 ካርድ ቢሆንም ከመሠረታዊ መሬቶች (ለሌሎቹ ካርዶች መክፈያ ኃይል ከሚሰጡት ካርዶች) በቀር ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ ነው የምትፈልጊው፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ዴክ ገዝተሽ ቀስ በቀስ አንድ አንድ ካርድ እየቀየርሽ ማሳደግ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ አዲስ ዕትም በወጣ ቀን ልግዛ?

መልስ፦ ታገስ። በመጀመሪያው ሰሞን ካርዱ ትንሽ፣ ጉጉቱ ብዙ ነው፣ ሰዉ ቦክስ እየከፈተ ሲሄድ አብዛኛው ካርድ ይወርዳል። ፖኬሞን ካርድ ላይ ደሞ ታች በስተግራ ያለችውን ትንሽ ፊደል ተመልከት፣ ያ ፊደል ከስታንዳርድ (የቅርብ ጊዜ ካርዶች ብቻ ከሚፈቀዱበት) ውድድር ሲወጣ ተጫዋቾች ካርዳቸውን ይሸጣሉ፣ ለመሰብሰብ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ጊዜ ያኔ ነው፣ ለውድድር ለሚፈልግ ግን ሊወጣ የተቃረበ ካርድ መግዛት ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮዎቹን የማጂክ ዱዋል ላንዶች (ሁለት ዓይነት ኃይል የሚሰጡ መሬቶች) እስኪረክሱ ብጠብቅስ?

መልስ፦ እነሱን አትጠብቅ። ከ1996 ጀምሮ አሳታሚው ዳግም አላትማቸውም ብሎ ቃል የገባባቸው ካርዶች ዝርዝር አለ፣ ሪዘርቭድ ሊስት ይባላል፣ እነሱም እዛ ውስጥ ናቸው። በምትኩ ተመሳሳይ ሥራ ያላቸውን ሾክ ላንዶችን ያዝ፣ ከ2005 ወዲህ ደጋግመው ታትመዋል፣ ለአብዛኛው ዴክ ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ፣ ልጄ ፖኬሞን ካርድ ካልገዛሽልኝ ብሎ አስጨነቀኝ፣ በምን ልጀምርለት?

መልስ፦ እናቴ፣ ፓክ ሳይሆን ተዘጋጅተው የሚሸጡ ሁለት ዴኮች ይግዙለት፣ ከእርስዎ ወይ ከጓደኛው ጋር ወዲያው መጫወት እንዲችል። የዓለም ሻምፒዮናዎቹን ዴክ ቅጂ ካገኙም ለመማሪያ በጣም ጥሩ ነው፣ ጀርባቸው የተለየ ስለሆነ ይፋዊ ውድድር ላይ አይፈቀዱም እንጂ ለቤት ጨዋታ ምንም አይላቸውም።

ጥያቄ፦ ፌክ ካርድ እንዴት ነው የሚለየው?

መልስ፦ እውነተኛ መሆኑን የምታውቀውን ካርድ ጎኑ አስቀምጥ። የፊደሉን ቅጥነት፣ የጀርባውን ቀለም፣ የወረቀቱን ውፍረት አወዳድር፣ ከዛ በአጉሊ መነፅር ሥዕሉን እየው፣ ኦሪጅናል ላይ ቀለሙ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነው፣ ፌኩ ላይ ብዙ ጊዜ የተዘበራረቀ ወይ የደበዘዘ ይሆናል። በአንድ ምልክት ብቻ ግን አትፍረድ። ዋጋው ከሌላው ቦታ በጣም ወርዶ ካየኸው ያው እሱ ራሱ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ትንሽ የተጫጫረ ካርድ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ለመጫወት ከሆነ ግዛ እንጂ! ላይትሊ ፕሌይድ (ትንሽ የተጫወቱበት) የተባለው ከኒር ሚንቱ (እንደ አዲስ ከሆነው) ይረክሳል፣ ጀርባው በማያሳይ ስሊቭ (የካርድ ልባስ) ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም አይለየውም።

ጥያቄ፦ ማስቀመጫ ላይ ገንዘብ ማውጣት አለብኝ?

መልስ፦ እዚህ ላይ አትቆጥብ። ስሊቭ ስትገዛ መጠኑን እይ፣ ማጂክና ፖኬሞን 63 በ88 ሚሊሜትር ናቸው፣ ዩጊዮ ግን 59 በ86 ስለሆነ ትንሹን ስሊቭ ነው የሚፈልገው። ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ የባይንደር (የካርድ ማህደር) ገጽ ከጊዜ በኋላ ካርዱን ስለሚያበላሽ ፖሊፕሮፒሊን የሚለውን ምረጥ፣ ቀለበት ያለው ባይንደርም በቀለበቱ በኩል ያሉትን ካርዶች ይጫናቸዋል። እርጥበት ደሞ ፎይል (የሚያብረቀርቅ) ካርድን ያጎብጣል፣ ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዛል።

ጥያቄ፦ ትሬድ (የካርድ ልውውጥ) ላይ ጀማሪ ስለሆንኩ እንዳልታለል ፈራሁ።

መልስ፦ የሁለቱንም ካርዶች ዋጋ አብራችሁ ፈትሹ፣ ሰውየው ካስቸኮለህ ተወው። እናንተ የቆያችሁት ደሞ እባካችሁ፣ ዋጋ የማያውቅ ልጅ ጥሩ ካርድ ይዞ ሲመጣ ንገሩት፣ አንዴ የተታለለ ልጅ ተመልሶ ጠረጴዛው ጋ አይቀመጥም እኮ፣ የምንጫወተው ከሰው ጋር ነው።

ጥያቄ፦ ዴኩን ሳልገዛ መሞከር ይቻላል?

መልስ፦ በደንብ። ማስተር ዱኤል (የዩጊዮ)፣ ፖኬሞን ቲሲጂ ላይቭ፣ ማጂክ አሬና የሚባሉት የኢንተርኔት ጨዋታዎች ሁሉም በነፃ ይጀመራሉ። እዛ የሌለውን ደሞ የካርዱን ስም ወረቀት ላይ ጽፈህ ስሊቭ ውስጥ ከተራ ካርድ ፊት አስገባና ከጓደኞችህ ጋር ጥቂት ዙር ተጫወትበት፣ ውድድር ላይ አይሠራም፣ ግን ዴኩ የማይስማማህ ከሆነ አንድም ካርድ ሳትገዛ ታውቀዋለህ።