ከሁለቱም እኩል ብቀንስስ?

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ቤቴ አንዲት የጎረቤት ልጅ ካርቶን ታቅፋ መጣች። ስምንተኛ ክፍል ናት። የአዲስ አበባውን የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሞዴል ልትሠራ ነው። 209 ሜትር ከፍታውን በ1 ለ 500 (የሕንፃው 500 ሳንቲ ሞዴሉ ላይ 1 ሳንቲ ሆኖ) አስልታ 41.8 ሳንቲ ሜትር አግኝታለች፤ ካርቶኗ ግን 40 ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ከቁመቱም ከወርዱም እኩል ብቀንስስ?» አለችኝ።

ቶሎ መልስ አልሰጠኋትም። በሃያዎቹ ዕድሜዬ እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ።

ያኔ ንድፍ ሠራተኛ ነበርሁ። 24 ሜትር ከፍታና 16 ሜትር ወርድ ላለው ሕንፃ ሞዴል ሥራ ተባልሁ። በ1 ለ 50 ስናሰላው 48 በ32 ሳንቲ ነው። ያለን ካርቶን 40 ነበር። ከቁመቱ ስምንት ሲጎድል ከወርዱም ስምንት ቀንሼ 24 አደረግሁት። ሙጫ ስለጠፋ የስንዴ ዱቄት አፍልተን ለጠፍነው። ሌሊት አይጥ አንዱን ማዕዘን በላብን፤ ስንጠግን አደርን።

በማግስቱ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ፊደል ያልቆጠሩ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩበት። ሞዴሉን ዞር ዞር ብለው አዩና ከደጅ ሰንበሌጥ አምጥተው በቁመቱ ልክ ቆረጡ። ሦስት ቦታ እኩል አጠፉት። ሁለቱን እጥፋት ወርዱ ላይ ሲያጋድሙት ከጣት በላይ ተርፎ ወጣ።

«ልጄ፣ ሦስት እጅ ቢረዝም ሁለት እጅ ይሰፋል ብላችሁን አልነበር? የቀረው የት ገባ?»

ቁመቱ 40 ሲሆን ስኬሉ 1 ለ 60 ሆኗል፤ ወርዱ ወደ 26.7 መሆን ነበረበት። ያቺ 2.7 ሳንቲ ሕንፃው ላይ 1.6 ሜትር ናት፤ አንድ ኮሪደር ማለት ነው።

እኔ ምን አልሁ? «ልጁ ነው የቆረጠው።» ረዳቴ ነበር፣ ከደጀን የመጣ የ17 ዓመት ልጅ። ምላጩ በእርግጥ እሱ እጅ ነበር፤ ቁጥሩን የሰጠሁት ግን እኔ። ቀና ብሎ አየኝና ወለሉ ላይ የወደቀውን ቁርጥራጭ ይለቅም ጀመር። አለቃችን በሰው ፊት ሰደቡት። ወር ሳይሞላ ሥራውን ተወ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ስመላለስ ደጀንን ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ፤ አንድም ቀን ወርጄ አልጠየቅሁትም።

እናንተ የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ያሰላላችኋል። ስልክ የሰጣችሁትን ያካፍላል እንጂ «መቀነስ ነው ማካፈል?» ብሎ አይጠይቃችሁም። ደግሞ እኔ ስልክ ሳይኖረኝም ተሳስቻለሁ፤ እሱን ተዉት።

ወደር ማለት ሁሉንም ልኬት በአንድ ቁጥር ማካፈል ነው፤ ቁመትን፣ ወርድን፣ መስኮትንም። መጀመሪያ ካርቶኑን ለኩ። ቡርጅ ኸሊፋን (828 ሜትር) በ1 ለ 500 ብትሠሩት 165.6 ሳንቲ ይሆንና በሰው ቁመት ይገተራል። ሞዴሉን በሁሉም ጎን እጥፍ ብታደርጉት ደግሞ አራት እጥፍ ካርቶን ይበላችኋል።

ልጅቱ 1 ለ 600 መረጠች፤ 34.8 ሳንቲ ወጣላት። ምላጩን ስታነሳ ተቀበልኋት።

«ቁጥሩን አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልቁረጥ።»