ስለ እናትሽ ጉልበት፦ ስም የሌለውን ክኒን ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ትናንት የለጠፍሽውን ጥያቄ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እናትሽ 63 ዓመታቸው ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት፣ ሁለቱም ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ከበርጩማ ለመነሳት ሰው መያዝ ጀምረዋል ብለሻል። አንዱ ክሊኒክ «ሪህ ነው» ብሎ ሥጋ ከለከላቸው። ሌላው ኤምአርአይ አዘዘ። ጎረቤታችሁ ደግሞ «ከውጭ የመጣ ፍቱን ክኒን አለ» አለቻችሁ። የቱን ላስቀድም ነው ጥያቄሽ። እኔ በእናቴ ጉልበት ይሄን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሄጄበታለሁ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

1. ክኒኑን አትግዢ።

ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄን ስሚኝ። እኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር በሄድኩበት ሰሞን አንዲት ዘመዳችን እናቴን «ጉልበት የሚያድን» ወደተባለ ክሊኒክ ወሰደቻት። ራጅ የለ፣ ምርመራ የለ። በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን ሰጥተው ላኳት። ሣጥን የለው፣ ስም የለው። «ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ» ብቻ።

ክኒኑ ደግሞ ሠራ! ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ደረጃ እየወጣች ወረደች። ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ስልክ ደውላ «ልጄ፣ ድኛለሁ» ስትለኝ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ፊቷ ክብ እያለ መጣ። ሰው «አማረብሽ፣ ወፈርሽ» ይላታል። እንቅልፍ ጠፋ። ውሃ ጥም አላስቆም አላስቀምጥ አላት። ስኳሯ ሲለካ ከ300 በላይ። ስኳር የሚባል ነገር በቤታችን አናውቅም!

ሆስፒታል ያያት ሐኪም ገና ፊቷን አይቶ «ምን ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ ነው?» አላት። የተረፈውን ክኒን ለማውቃት ፋርማሲስት አሳየኋት። ላዩ ላይ ካለው ጽሑፍ አወቀችው፤ ዴክሳሜታዞን ነው። ስቴሮይድ ማለት ነው። መድኃኒቱ በራሱ መርዝ አይደለም፣ በቦታው ሕይወት ያድናል። ግን ላለቀ ጉልበት በየቀኑ የሚዋጥ አይደለም። ሕመሙን ይደብቃል፣ ጉልበቱን አያክምም። ሲቆይ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ዓይን ላይ ሞራ ያመጣል፣ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ተደብቆ የተኛ ቲቢ እንኳ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ክሊኒኩ ሄጄ ባለቤቱን ጠየቅኩት። መጀመሪያ «ቫይታሚን ነው» አለኝ። የክኒኑን ስም ስነግረው ተነስቶ ቆመና «እናትሽን አዳንኩልሽ፣ ጭራሽ ልትከሺኝ መጣሽ?» ብሎ ወረፋ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ፊት ጮኸብኝ። ዘበኛ ጠርቶ አስወጣኝ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። እነዚያ ሽማግሌዎች ያንኑ ክኒን ይዘው ወጡ።

እናትሽ ጀምረውት ከሆነ ደግሞ በድንገት አታስቁሚያቸው። ይሄን አስምሪበት። ክኒኑ ለሳምንታት ከተወሰደ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ይተዋል፤ በአንዴ ሲቋረጥ ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ለሞትም ሊደርስ ይችላል። ክኒኑን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የእናቴን ቀስ እያሉ ነው የቀነሱላት። ስኳሯም እየወረደ መጣ፣ ግን ዛሬም በየጊዜው እናስለካለን።

2. «ሪህ ነው» ያሉትን ሳታጣሪ ሥጋ አትከልክያቸው።

ደም ወስደው «ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሏል» ብለው ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ብዙ ሰው ሪህ የለበትም። እውነተኛው ሪህ አመጣጡ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ በድንገት፣ አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣት ላይ ይጀምራል። ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። በቀናት ውስጥ ይለቃል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ዓመታት እየባሰ የመጣ፣ ሲራመዱ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚሻል የሁለት ጉልበት ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጭ የሚከላከለው ልስልስ ሽፋን መሳሳቱ ነው። ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። ያንቺም እናት፣ የእኔም እናት ይሄው ነው ብዬ እገምታለሁ።

ጠዋት ሲነሱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚተሳሰሩ ጠይቂያቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚፍታታ ከሆነ ወደዚህኛው ያደላል። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ የሁለቱም እጅ ጣቶች የሚያብጡ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሩማቶይድ የሚባለው። እሱ ቶሎ ካልታከመ መገጣጠሚያ ያጣምማል። ለእሱ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በየቀኑ ነው ብለው ወስደው የተጎዱ ሰዎች አሉ።

3. ኤምአርአዩን ተዪው፣ ራጅ አስነሺ። ቆመው።

ይሄ «ቆመው» የሚለው ነው ዋናው። ተኝተው ሲነሱ ክብደት ጉልበቱ ላይ ስለማያርፍ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። የእናቴን መጀመሪያ አስተኝተው አንስተው «ምንም የለባትም» አሉን። በሁለተኛው «ቆማ ይነሳልኝ» ስል ራጅ የሚያነሳው ልጅ «ሐኪም ነሽ እንዴ?» አለኝ። አይደለሁም፣ ግን ቆማ ተነሳች። ፊልሙ ላይ በውስጥ በኩል አጥንቱ ተነካክቷል። ከዚያ በኋላ ኤምአርአይ ያስፈልጋታል ያለን ሐኪም የለም። እናትሽ ቆመው በተነሱት ራጅ በሽታው ከታወቀ፣ በኤምአርአዩ ዋጋ የብዙ ወር ፊዚዮቴራፒ ትከፍያለሽ። ዳሌያቸውንም እንዲያዩላቸው ንገሪ። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ የሚሰማው ሰው አለ።

4. ሪፈር ወረቀቱ ላይ ማህተም መኖሩን እዩ።

የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ነው የምትጀምሩት። እኛ ከለሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ካርድ ክፍል ስንደርስ «ማህተሙ አይነበብም» ተብለን ተመለስን። እናቴ በሁለት ሰው ድጋፍ ነው የቆመችው። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም፤ ስልኳን እየነካካች «ቀጣይ!» አለች። «እናትሽ ብትሆን?» አልኳት። መልስ የለም። እና ኮፒውን፣ መታወቂያውን፣ የመድን ደብተሩን፣ የድሮውን ራጅ ሁሉ ያዢ። ራጁን ለማንም አትተዪ፣ ይጠፋል።

ቁጥሩን እዚህ ጋ ልተወው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ነው የሆነው።

እናቴን ያቆማት ፊዚዮቴራፒ ነው። ኮሪደር ጥግ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንዲት ቁጡ ሲስተር። የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበት ሥር አድርጎ ወደ ታች መጫን። እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳትና መያዝ። ከፍ ካለ ወንበር እጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ። በቃ ይሄው ነው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። እናቴ «ቀኑን ሙሉ ስለፋ የምውል ሰው ምን ስፖርት ትለኛለች!» ብላ አኮረፈች። ሲስተሯ ደግሞ «እሺ፣ በሚቀጥለው ተሸክመው ያመጡዎታል» አለቻት። እልህ ያዛት። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ስጪው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማመሙ ያለ ነው። በማግስቱ እብጠት ካመጣ ግን ቀንሺ።

ክብደት ካላቸው እሱም አለ። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በየእርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ያህል ይቀላል። ለእናቴ ይሄን ስነግራት ስኳሩን ከቡናዋ አወጣች። ጨው እስክታደርግበት ነው የጠበቅኩት።

ቤት ውስጥ በርጩማውን አንሺው። ቡና የሚፈላው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሁን። ሽንት ቤታችሁ የቁጢጥ ከሆነ መሐሉ የተቀደደ ወንበር አናጺ ያሠራልሻል፣ እኛ ያደረግነው ይሄንኑ ነው። ስግደቱ ከባድ ነበር። እናቴ ልጅዋን አትሰማም፣ ሐኪም አትሰማም። የንስሐ አባቷ ናቸው «ለታመመ ሰው ስግደት አልታዘዘም፣ ተቀምጠሽ ጸልዪ» ያሏት። እናትሽም እንደኔዋ ከሆኑ በዚያ በኩል ሞክሪ። ከዘራ ሲይዙ ደግሞ የባሰ ከሚያማቸው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዙ። ሁሉም ሰው በሚያመው በኩል ነው የሚይዘው፣ ትክክል አይደለም።

ለሕመሙ እኛ የጀመርነው በሚቀባው ዲክሎፌናክ ነው። ጉልበት ላይ ይሠራል፣ ከሚዋጠው ይልቅም ለጨጓራ ይቀላል። የሚዋጠውን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም በየቀኑ እንዳይወስዱ። ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊት ይጨምራል።

ጉልበት ውስጥ የሚወጋው መርፌ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሰው ያደባልቀዋል። አንደኛው ስቴሮይድ ነው። በባለሙያ እጅ፣ በንጽህና ከተሰጠ ለሳምንታት ያስታግሳል። ቶሎ ቶሎ አይደጋገምም፣ በመሐሉ ቢያንስ ሦስት ወር ይጠበቃል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ይወጣል። ሁለተኛው «ጉልበትዎ ዘይት አልቋል፣ እንሙላ» እያሉ የሚሸጡት ነው። ውድ ነው፣ ጥቅሙ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ብዙ የሕክምና መመሪያዎች አይመክሩትም። ለእናቴም አቅርበውልን ነበር። ብሩን ለወንበርና ለትራንስፖርት አዋልኩት፣ አልቆጨኝም።

ጎረቤት ወጌሻ ይታሹ ማለቱ አይቀርም። ላለቀ ጉልበት በኃይል ማሸት ምን ያደርጋል? ስብራት ላይማ ይባስ። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ ጠቁሮ የተቆረጠ ልጅ ስንት ነው! ታስሮ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እዚያው ፈትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ቀዶ ጥገናው ላይ ሐኪማችን «ገና ነው» አላት። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳ፣ ከቤት መውጣት ሲያቅት፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ሲል ነው የሚታሰበው። ሰው ሠራሹ ጉልበት ጥሩ ነገር ነው። በውጭ አገር በተከታተሏቸው ሰዎች ላይ ከ10ሩ 8ቱ ያህል 25 ዓመት ቆይቷል። እኛ አገርም ይሠራል፣ ግን ዕቃው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ቀላል አይደለም። እዚያ ከደረሳችሁ የዕቃውን፣ የአልጋውን፣ የፊዚዮቴራፒውን ጠቅላላ ዋጋ በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል የተነገረው ዋጋ ኋላ ላይ ሌላ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ቀጠሮ አይጠብቅም። አንዱ ጉልበት በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ሆስፒታል። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በቀናት ውስጥ ያበላሸዋል። ደግሞ ደብረ ብርሃን የወተት አገር ነው፤ ያልፈላ ወተት የሚጠጡ ከሆነና የሚመላለስ ትኩሳት ካላቸው ለሐኪሙ ንገሪው፣ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚመጣ በሽታ መገጣጠሚያና ወገብ ያማል። ሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና የማይለቅ የጀርባ ሕመም ካለም እንዲሁ፤ ቲቢ አከርካሪ ላይም ይወጣል።

እናቴ ባለፈው ጥምቀት ታቦት ሸኝታ በእግሯ ተመለሰች። ከዘራ ይዛ ነው፣ በመሐል ሁለቴ አርፋ ነው፣ ግን በእግሯ። ስቴሮይድ የለ፣ መርፌ የለ።

አሁን አንቺ ሁለት ነገር መልሺልኝ። እናትሽ ግፊት ወይ ስኳር አለባቸው? የጎረቤቷን ክኒንስ ጀምረውታል ወይስ ገና ነው? ጀምረው ከሆነ የክኒኑን ፎቶ በሁለቱም በኩል አንስተሽ እዚሁ ለጥፊ። ግሩፑ ውስጥ ፋርማሲስቶች አሉ፣ ጽሑፉ ከተነበበ ያውቁታል። መልሳቸውን ሳትጠብቂ ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ይዘሻቸው ሂጂ።