ለሃሞክ የሚሆን ቀላል ጨርቅ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለካምፒንግ የሚሆን ሃሞክ፣ ያው በሁለት ዛፍ መሀል የሚንጠለጠለውን መኝታ፣ ራሴ ልሰፋ አስቤያለሁ። ክብደቴ 80 ኪሎ፣ ቁመቴ 1.80 ነው። ሻንጣዬ እንዳይከብድ የመጨረሻ ስስ የሆነ ናይለን ልግዛ? ወይስ ዝናብ እንዳያስገባ የድንኳን ጨርቅ ይሻለኛል?

መልስ፦ የድንኳኑን ጨርቅ ተወው ወንድሜ። ውሃ እንዳያሳልፍ ተብሎ ሲሊኮን ወይም ሌላ ነገር የተቀባ ጨርቅ አየርም አያሳልፍም፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ከሰውነትህ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ያጣና ጀርባህ ስር ይጠራቀማል፣ ጠዋት ረጥበህ ትነሳለህ። ዝናቡን የሚከለክልልህ ከላይህ የምትወጥረው ሸራ ነው። የምትተኛበት ጨርቅማ ውሃ የማያሳልፍ ከሆነ የገባበትን ዝናብ እንደ ገንዳ ይዞ ይቆያል።

ያልተቀባ ናይለን ፈልግ። ሪፕስቶፕ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ላዩ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሠርተው የሚታዩት ወፈር ያሉ ክሮች አንዴ የተቀደደ ቦታ እየተተረተረ እንዳይሄድ ያግዛሉ። ናይለን ለጠጥ ስለሚል ለጀርባ ይመቻል፣ ሲረጥብ ግን ይረግባል። ፖሊስተር ብዙም አይለጠጥም፣ ውሃም እምብዛም አይመጥም፤ ኮስተር ያለ መኝታ ለሚወድ ሰው እሱ ይሻላል። ጥጥ ለጉዞ አይሆንም። ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥቡን ከተጠቀለለም ይሻግታል።

አሁን ወደ ክብደቱ። ለአንተ ቁመት 3.3 ሜትር ርዝመት በ1.5 ሜትር ስፋት ይበቃል። ስፋቱ ላይ አትቆጥብ፣ ምክንያቱም ሃሞክ ላይ ጀርባህ ቀጥ የሚለው ሰያፍ ስትተኛ ነው። ይሄ ወደ 5 ካሬ ሜትር ይመጣል። በካሬ ሜትር 40 ግራም የሚመዝን ጨርቅ ብትወስድ 200 ግራም ገደማ ይሆናል፣ 60 ግራሙን ብትወስድ ደግሞ 300። ልዩነቱ 100 ግራም ብቻ! ለዚች ብለህ 80 ኪሎ ሰውነትህን ሳሳ ያለ ጨርቅ ላይ ባትጥል ደስ ይለኛል፣ በተለይ የመጀመሪያ ሥራህ ስለሆነ። ከ50 እስከ 65 ግራም ባለው ውስጥ ምረጥ።

ጨርቁ ላይ ምንም ካልተጻፈስ? 10 በ10 ሴንቲሜትር ቁራጭ ቆርጠህ ግራምን በነጥብ በሚያሳይ ሚዛን መዝን፣ ያገኘኸውን በ100 አባዛ፤ የካሬ ሜትሩ ክብደት እሱ ነው። ከዚያ ቁራጩን አፍህ ላይ ለጥፈህ ንፋው። ትንፋሽህ ጭራሽ የማያልፍ ከሆነ የተቀባ ሊሆን ስለሚችል እለፈው። በመጨረሻም ጫፉ አጠገብ መርፌ ሰክተህ ወደ ውጭ ሳበው፣ ክሮቹ እየተንሸራተቱ ክፍተት ከፈጠሩ ስፌትህንም አይዙልህም።

ለስፌቱ የፖሊስተር ክርና ቀጭን መርፌ ተጠቀም፣ የጥጥ ክር አታስጠጋ።

ስትሰቅለው በኃይል አትወጥረው። ማንጠልጠያው ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል እያንዳንዱ ጫፍ የሚሸከመው የአንተኑ ክብደት ያህል ነው፤ 10 ዲግሪ ላይ ከወጠርከው ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፣ ምርጥ ጨርቅም ቢሆን ያለአግባብ ይጎዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክረው ከጉልበትህ በታች ዝቅ አድርገህ ስቀል፣ ከስሩ ድንጋይ አለመኖሩን እይ፣ መጀመሪያ በእጅህ ተጫነው፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ተቀመጥበትና ስፌቶቹን አንድ በአንድ ተመልከት። አገልግሎቱን ስትጨርስም ፀሐይ ላይ አትተወው፤ ናይለንን ፀሐይ ታደክመዋለች።